ግሱን አወረዳችሁ፤ አገባቡስ?

ልጆቼ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ የባዮሎጂውም የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የጎንደር አራዳ ልጅም ይሁን የደባርቅ፣ የዳባት ወይም የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። እናንተም ብልሃት ታበጃላችሁ፤ የደብተሩን ገጽ ለሁለት ትከፍሉና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ጽፋችሁ እንደ ዳዊት ትደግሙታላችሁ። ትጋታችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን ፍቺውን የሸመደደ ሰው ገና ደጃፉን ነው የረገጠው፤ ቃሉ የመጽሐፍ፣ የችሎትና የጥናት ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግስ ያወርዳል። ግሱን በቃሉ ስለያዘ ብቻ ግን ባለቅኔ አይባልም። ርባ ቅምሩን ይማራል፤ ቀጥሎም ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የተከፈለውን አገባብ ያጠናል፤ ቃል ከቃል በምን እንደሚጋጠም ያያል። ከዚያ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የጎበጠው ይቃናለታል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። እንግሊዝኛም የሚፈልገው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፦ ግስ፣ አገባብ፣ ነገራ።

አንድ ቃል ይዘን እንየው። «ኤቪደንስ» የሚለው ስም ፈተና ላይም፣ ፍርድ ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም አይጠፋም። ደብተራችሁ «ማስረጃ» ይለዋል፤ አልተሳሳተም። ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያው «የትምህርት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ሲል፣ ደብተሩን ያመነ ልጅ «ኢዱኬሽናል ኤቪደንስ» ብሎ ይተረጉመዋል። በእንግሊዝኛ እዚህ ቦታ የሚገባው «ሰርተፍኬት» ወይም «ክሬደንሻልስ» ነው። «ኤቪደንስ» አንድ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመዘን የሚቀርብ ነገር ነው፤ የምስክር ቃል፣ የተገኘ ዕቃ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት ሊሆን ይችላል። ዲግሪያችሁም «ኤቪደንስ» የሚሆነው መማር አለመማራችሁ ያከራከረ ዕለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥር ነው። በአማርኛ ማስረጃ ሲበዛ ማስረጃዎች ይሆናል። «ኤቪደንስ» ግን በተለመደው አጠቃቀም አይቆጠርም፤ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ብትለጥፉበት ወይም ከፊቱ «አን» ብታስቀምጡ ፈታኙ ቀይ ያሰምርበታል። መቁጠር የግድ ከሆነ «ኤ ፒስ ኦቭ ኤቪደንስ» በሉ። «ኢንፎርሜሽን»ም፣ «ኢኩዊፕመንት»ም፣ ይኸው አሁን የምሰጣችሁ «አድቫይስ»ም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው የቃሉ ባልንጀሮች ናቸው። «ኤቪደንስ» ይሰበሰባል፣ ይገኛል፣ ይቀርባል፤ ስለዚህ ከፊቱ «ጋዘር»፣ «ፋይንድ»፣ «ፕሮቫይድ» ይመጣሉ። «ሜክ ኤቪደንስ» የሚል አትሰሙም። ሲጠነክር «ስትሮንግ»፣ ሲደክም «ዊክ» ይቀጸልለታል። ከኋላው «ኦቭ» ከተከተለው ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ምልክት መታየቱን ይናገራል፤ «ፎር» ከተከተለው አንድን ሐሳብ መደገፉን። እነዚህን ከቃሉ ነጥሎ ያጠና ሰው ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ሲቀመጥ እጁ ይታሰራል።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ቃሉን ከጎረቤቱ መለየት ነው። የ«ኤቪደንስ» ጎረቤት «ፕሩፍ» ነው። ልዩነታቸውን በወባ እንየው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቋቋም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ቀደም ብሎ ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ዛሬ ደንቢያ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ልጅ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ማተኮሱና ብርድ ብርድ ማለቱ የወባ «ኤቪደንስ» ነው። «ፕሩፍ» ግን አይሆንም፤ ታይፎይድም ያተኩሳል። ጥርጣሬው የሚቆመው ደሙ ተወስዶ ተሐዋሲው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ ልዩነት ያልገባው የጤና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «ዚስ ስተዲ ፕሩቭስ» ብሎ ይደፍራል፤ የገባው «ዚ ኤቪደንስ ሰጀስትስ» ይላል። የመጀመሪያው ጥናቱ ያላየውን አየሁ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ያየውን ያህል ተናገረ። መደበኛ ቃላትን በወጉ መማር ለዚህ ይጠቅማል፤ ከምታውቁት በላይ እንዳትናገሩ ይይዛችኋል።

ይህ ሁሉ ከየት ይገኛል ትሉኝ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ያለው ተርጓሚ አንድ ቃል ወርውሮላችሁ ይሄዳል፤ በእሱ ብቻ አትደገፉ። ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ለተማሪ የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ ዛሬ ኦክስፎርድ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያሳትመው ከእርሱ የወረደ ነው። እዚያ ውስጥ ከስሙ አጠገብ «ሲ» ካያችሁ ይቆጠራል፣ «ዩ» ካያችሁ አይቆጠርም። ወደ አማርኛው ስትመጡ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት መጻሕፍት አሉላችሁ፤ የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያሳየው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት። ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ጠይቋቸው።

እንግሊዞችም ራሳቸው ቃላቸውን የመዘኑት በአገባብ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ሰብስቦ፣ ከደራሲዎች መጻሕፍት በወሰዳቸው ከ100 ሺህ በላይ ጥቅሶች አጠቃቀማቸውን አሳየ። ለእናንተ ለጎንደር ልጆች የሚጥም ነገር ልጨምርላችሁ፤ ይህ ሰው በ1735 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ አገራችን ነበር። ፋሲል ግንቡን ከማቆሙ በፊት ኢትዮጵያ የኖረውን የፖርቱጋሉን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ መልሶ ነው ድርሰትን የጀመረው። እንግሊዝኛን የመዘነው ሊቅ በእኛ አገር ወሬ ብዕሩን ከሞከረ፣ እናንተም የእሱን ቋንቋ በራሳችሁ አገር ነገር ሞክሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። መደበኛ ቃል ቦታ አለው። ጓደኛችሁን «በምን አወቅህ?» ማለት ሲበቃ «ኤቪደንስህን አቅርብ» ማለት አዋቂ አያሰኝም፤ ያስቃል እንጂ። የሥራ ማመልከቻ ስትጽፉም «ዮር ኢስቲምድ ኦርጋናይዜሽን» እያላችሁ ገጹን በከባድ ቃል አታጨናንቁት። ምን እንደተማራችሁና ምን መሥራት እንደምትችሉ በአጭሩ ጻፉ፤ የሚቀጥራችሁ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

እንግዲህ ነገ የምትጀምሩትን ልንገራችሁ። በሳምንት አምስት ስም ይበቃችኋል። ለእያንዳንዱ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ቅዱ፤ ይቆጠር እንደሆነ፣ ከፊቱና ከኋላው ማን እንደቆመ አስምሩበት፤ የሚመስለውን ቃል ፈልጋችሁ ልዩነቱን ጻፉ። ከዚያ ስለምታውቁት ነገር፣ ስለ ስሜን ጭላዳ ወይም ስለ ጥምቀት በዓል፣ የራሳችሁን ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩና ለአስተማሪያችሁ ወይም ለበረታ ጓደኛ አሳዩ። ሲያርማችሁ አትፈሩ፤ ቅኔ ቤትም ሳይታረም መምህር የሆነ የለም። በወሩ መጨረሻ ደብተራችሁን ስትገልጡ የተሸመደደውን ፍቺ ትታችሁ የተቃናላችሁን ዓረፍተ ነገር ቁጠሩ።