እናትነት የተወው ምልክት ነውር ነውን?



ከጥቂት ወራት በፊት በአሜሪካ የምትኖር የእህቴ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። የአራት ልጆች እናት ናት። ሰላምታችን ካበቃ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ ከወሊድ በኋላ የተበላሸውን ሰውነት በአንድ ቀን የሚያስተካክል ቀዶ ጥገና አለ። ብዙ እናቶች እየተሠሩት ነው። ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» አለችኝ።

ቸኩዬ አልመለስኩላትም። ዑለማዎቻችን በአንድ ነገር ላይ ፍርድ መስጠት የሚቻለው ምንነቱን ካወቁ በኋላ ነው ብለው አስተምረውናልና። ስለዚህ በቅድሚያ ሐኪሞችን ጠየቅሁ።

ነገሩ አንድ ቀዶ ጥገና ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀዶ ጥገናዎች በአንድ ማደንዘዣ ተጣምረው የሚሠሩበት ነው። ሆድ ከእምብርት በታች ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀደድና የላላው ቆዳ ይወገዳል፤ በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች ተሰብስበው ይሰፋሉ። የወረደ ጡት ይነሣል ወይም ሲሊኮን ይገባበታል። ከጎንና ከወገብም ስብ በቱቦ ይመጠጣል። እናቲቱ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ለበርካታ ሰዓታት ትተኛለች።

ከዚያስ? ስትነቃ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጥ ብላ መቆም ስለሚያዳግታት ጎበጥ ብላ ትራመዳለች። ለሳምንታት ጥብቅ መታጠቂያ ትለብሳለች። እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሣ ትከለከላለች፤ ከባድ ከተባለውም አንዱ «እቀፊኝ» እያለ እጁን የሚዘረጋው የገዛ ልጇ ነው! እብጠቱ እስኪጠፋ ወራት ይፈጃል። ጠባሳው በዓመት ውስጥ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሊደማ ወይም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው በእግር ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ነው፤ ይህ ሕይወት ይቀጥፋል። ለርካሽ ዋጋ ሲባል ወደ ሌላ አገር ሄዶ ተሠርቶ ወዲያው ረጅም በረራ ማድረግ ደግሞ ይህንኑ አደጋ ያብሰዋል። ገና ልጅ የምትሻ ሴት ብትሠራው ቀጣዩ እርግዝና የተሠራውን መልሶ ሊያላላው ይችላል።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንመለስ። በአንድ በኩል ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ፣ ሸይጧን ሰዎችን የአሏህን ፍጥረት እንዲለውጡ ሊያዝዛቸው መዛቱን ይነግረናል። ለውበት ብለው የሚነቀሱና ጥርሳቸውን የሚሞርዱ ሴቶች መወገዛቸውንም ኢብን መስዑድ ባስተላለፉት ሐዲስ እናውቃለን። በሌላ በኩል ዐርፈጃ ቢን አስዐድ የተባለው ሰሓቢይ በጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ የብር አፍንጫ ቢያሠራ ሸተተበት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት፤ ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ! ከዚህም መጠገንና መለወጥ አንድ እንዳልሆኑ እንረዳለን።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ2007 (እ.ኤ.አ.) በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አደጋ ወይም በሽታ ያበላሸውን አካል ወደ ነበረበት ለመመለስና በሰውየው ላይ የሥጋ ወይም የመንፈስ ጉዳት ያደረሰን ጉድለት ለማስወገድ የሚደረገውን ፈቅዷል። ሌሎችን ለመምሰልና ስሜትን ለመከተል ብቻ ተፈጥሮን የሚለውጠውን ግን አልፈቀደም።

እንግዲህ ጡንቻዋ ተራርቆ ወገቧን የሚያሳምማት፣ ወይም የተንጠለጠለ ቆዳዋ እየተፋፋቀ የሚቆስልባት እናት ሕክምና ብትሻ ማን ይወቅሳታል? የሚያነጋግረው ጤነኛዋ ናት። እኔም የእህቴን ልጅ፣ «የሚያምሽ ነገር አለ?» አልኳት። «ወገቤን አልፎ አልፎ» አለች። «ቀዶ ጥገናውን ያሰብሽው ግን ለወገብሽ ነው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታም ባለቤቷ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ እያየ፣ «ይህችን ልጅ የት አደረስሻት?» ብሎ እንደቀለደ ነገረችኝ።

ያች ልጅ የት ሄደች? አራት ልጆች ተሸክማ ነዋ! አሏህ (ሱ.ወ.) በሉቅማን ምዕራፍ እናት ልጇን በድካም ላይ ድካም ደርባ እንደተሸከመችው አውስቶ ለወላጆች እንድናመሰግን አዟል። አሏህ ያከበረውን ድካም እኛ ነውር ካደረግነው ማንን ነው የምንቃወመው?

ወንድሜ ሆይ! ለአንተ ቀልድ የሆነው ቃል እሷን ቢላዋ ሥር ሊያስተኛት ይችላል። የአንተስ ሆድ እንደ ሠርግህ ቀን ነውን? ሚስትህ ልጆችህን ተሸክማ ሰውነቷ ከላላ ይህ የአንተም ዕዳ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን አያፌዝበትም።

እህቴ ሆይ! ለባልሽ ማማር መልካም ነገር ነው፤ ማንም አይከለክልሽም። ነገር ግን የሸሸ ዓይን በስፌት አይመለስም። በእነዚያ ሳምንታት ሱጁድ መውረድ ሊያቅትሽ ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታሞ ለነበረው ዒምራን ቢን ሑሰይን ቆመህ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክም በጎንህ ተኝተህ ስገድ ብለውታልና ሶላትሽ በተቀመጥሽበት ይበቃሻል። ቢሆንም ግንባርሽን ከመሬት ያራቀብሽን ምክንያት አሏህ ፊት ሳታፍሪ የምትናገሪው ይሁን። ጉዳት ካለብሽ ታማኝ ሐኪምና ዓሊም አማክሪ፤ ጉዳቱ የቃል ከሆነ ግን የሚታከመው ቃሉን የተናገረው ሰው ነው።

የእህቴ ልጅ እስካሁን ቀዶ ጥገናውን አልወሰነችም። ለወገቧ ሐኪም ያዘዘላትን የሆድ ጡንቻ እንቅስቃሴ ጀምራለች። ባለቤቷም ደውሎልኝ፣ «ለቀልድ ነበር እኮ» አለኝ። «እሷ ግን አልሳቀችም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ የአራቱን ልጆች ፎቶግራፍ ከጎኑ አድርጎ መልሶ እንደሰቀለው ሰምቻለሁ።

አሏህ እናቶቻችንን የምናከብር ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።