ንክሻው ትንሽ የሚሆነው ለማን ነው?

ከአንኮበር ተዳፋት ሥር በምትገኘው በአሊዩ አምባና በይፋት ቆላ ውሻ የቤት ዘብ ነው፤ ሌሊት ጅብን ከበረት ያርቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን ይኸው ዘብ ጎረቤትን ይነክሳል። ባለቤቱም ቁስሉን አይቶ፦ «ውሻዬ ጤነኛ ነው፤ ጫር አደረገህ እንጂ አልነከሰህም» ይላል። በአነጋገሩ ክፋት የለበትም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ተሰውሮበታል፤ የጉዳቱ መለኪያ የነካሹ ጥርስ ነውን ወይስ የተነካሹ አካል?

በጤነኛ ውሻና ድመት አፍ ውስጥ ፓስቱሬላና ካፕኖሳይቶፋጋ የተባሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። ብርቱ ሰው ብዙ ጊዜ ይቋቋማቸዋል። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት፣ ጉበቱ በመጠጥ የተጎዳ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኤች.አይ.ቪ. የመከላከል ኃይሉን ያዳከመበት ሰው ግን ለከባድ ሕመም ይጋለጣል። ወባ ጣፊያን እንደሚያሳብጥ የቆላ ሰው ያውቃል፤ ጣፊያ ደምን ከተሕዋስያን የምታጠራ የሰውነት ዘብ ናት። እርስዋ በሌለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ካፕኖሳይቶፋጋ ደምን መርዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለብርቱውም ለደካማውም አይመለስም። የመከላከል ኃይሉ የደከመ ሰው ግን ከክትባቱ በቂ ጥበቃ ላያገኝ ስለሚችል፣ ለሐኪሙ ሁኔታውን መንገሩ እጅግ አስፈላጊ ነው።

እንግዲህ ይህ ድካም በግንባር ላይ አልተጻፈም። ጎረቤታችንም ሕመሙን በአደባባይ የመናገር ግዴታ የለበትም። «ደካማ መሆኑን በምን አውቄ?» የሚለው ምክንያት ኅሊናን ከበደል ሊያነጻ ይችል ይሆናል፤ ከዕዳ ግን ነጻ አያወጣም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ተዋጊነቱ የታወቀ በሬውን ያልጠበቀውን ሰው አብልጦ ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ከዚህ አልፎ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆንም እንኳ የእንስሳውን ባለቤት ኃላፊ ያደርገዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ ምዕራፍ 8፣ ብርቱው ነጻነቱን በደካማው ወንድሙ ልክ እንዲወስን ያስተምራል።

ስለዚህ ውሻችንን እናስከትብ፤ መንገደኛ በሚበዛበት ሰዓት እንሰር። ሰው ሲነከስ ወይም ክፍት ቁስሉ ሲላስ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እንጠብለት፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውሻ የላሰውን ዕቃ ደጋግመው የማጠብ ሥርዓት እንዳላቸው እናስታውስ። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ ወጪውንም እንሸፍን። ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር ግን ብቻውን እንተወው። እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1879 በሸዋ የነበሩት ካርዲናል ማሳያ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ነበርና፣ ክትባት የእምነት ተቃራኒ አለመሆኑን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለምእመናን ያስረዱ።

ይህን ስንል ውሻን ጥሉ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2416 ለእንስሳት ርኅራኄ እንደሚገባቸው ያስተምራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ውሾች የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ ነበር። በዚያ ደጅ የተፈረደበት ግን የደጁ ባለቤት እንጂ ውሾቹ አይደሉም፤ ድኻው ከበሩ ላይ ወድቆ ሳለ ቁስሉን ልብ አላለምና። በደጃችን የሚያልፈውን ሰው ቁስል፣ የማይታየውንም ጭምር፣ ልብ የምንል ያድርገን።