መመለስ ውርደት ነውን?

ሰው የጀመረውን መንገድ ሲፈጽም ይመሰገናል፤ ከመንገድ የተመለሰ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፈሪ ይቈጠራል። ዳሩ ግን መመለስ ሁሉ ፍርሀት፥ መግፋትም ሁሉ ጀግንነት ነውን? ይህን ጥያቄ ትንንሽ አይሮፕላኖች ወደ ምድር ሲወርዱ በሚደርሰው አደጋ እንመርምረው።

ትንሽ አይሮፕላን ክብደቷ ጥቂት ስለ ሆነ የጎን ነፋስ በቀላሉ ያናውጣታል። ፍጥነቷ ከልክ ሲያልፍ ሜዳውን ጨርሳ ትወጣለች፤ ከልክ ሲያንስም ክንፏ ሊሸከማት አይችልምና ትወድቃለች። ስለዚህ አብራሪዎች የሚማሩት ሥርዓት አለ፤ ይኸውም አወራረዱ ያልተስተካከለ እንደ ሆነ የሞተሩን ኀይል ጨምሮ ወደ ላይ መነሣት፥ ዞሮም እንደገና መሞከር ነው። የሚጠፋው ጥቂት ነዳጅና ጥቂት ደቂቃ ነው። ታዲያ አንዳንዶች ይህን ሳያደርጉ የሚቀሩት ስለ ምንድር ነው? ሜዳው ከፊታቸው ይታያልና፤ ድካማቸውም «ደርሰሃል» ይላቸዋልና፤ የተሳፋሪውም ዐይን ያሳፍራቸዋልና።

ይሁን እንጂ መመለሻ ሁልጊዜ አይገኝም። በኔፓል አገር፥ በሂማልያ ተራሮች መካከል፥ ሉክላ የሚባል የአይሮፕላን ማረፊያ አለ። ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። መንደርደሪያው 527 ሜትር ብቻ ሆኖ ሽቅብ የተዘረጋ ነው፤ በታችኛው ጫፍ ገደል አለ፥ በላይኛው ጫፍ ተራራ ይዘጋዋል። ወደዚያ የቀረበ አብራሪ እንደገና ልነሣ ቢል ተራራው ይከለክለዋልና፥ ገና በሩቅ ሳለ ሊቈርጥ ይገባዋል። መስከረም 28 ቀን 2001 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008) 19 ሰዎች የያዘች አይሮፕላን፥ ጭጋግ በሸፈነው በዚህ ስፍራ ልታርፍ ስትል ከመንደርደሪያው አፋፍ ወድቃ ተቃጠለች። 18ቱ ሞቱ፤ ዋናው አብራሪ ብቻ ተረፈ። በልቡ የነበረውን አላየንምና በእርሱ ላይ አንፈርድም፤ ከስፍራው ግን እንማራለን።

በቍጣ የተጀመረ ሙግት፥ ያለ ዐቅም የተገባ ውል እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ መመለሻው ሰፊ ነው፤ እየገፋን በሄድን ቍጥር ይጠባል፥ በመጨረሻም ይዘጋል። እንግዲህ መለኪያው ይህ ይሁን፤ ከድካም ለመሸሽ የተመለሰ ሰነፍ ነው፤ በአደራ የተሰጡትን ነፍሳት ለመጠበቅ የተመለሰ ግን ደፋር ነው፥ ስሙን ስለ ሌሎች ሕይወት ሰጥቶአልና።

እኛም በሜዳው ዳር ቆመን የምንጠብቅ ከበደል ነጻ አይደለንም። በተመለሰው ላይ የምንዘብት ከሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዘበታችንን ፈርቶ ወደ ጭጋጉ ይገባል። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰውን ሳናጉረመርም፥ አመስግነን ልንቀበለው ይገባናል።