«ቻሪቲ» ፍቅር ነውን ወይስ ምጽዋት?



በዚህ ገጽ «ቻሪቲ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንመለከታለን። ዓላማችን ቋንቋ ማስተማር አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች መንፈሳውያን መጻሕፍትን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት፣ ሠራተኞቻችንም በጽሕፈት ቤት ከዚህ ቃል ጋር ዘወትር ይገናኛሉ። የቃሉን ሁለት ትርጉሞች ሳይለይ የሚያነብ ሰው ግን በሐዋርያው ትምህርት ፊት ግራ ተጋብቶ ይቆማል።

ቅዱስ ጳውሎስ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ለድሆች ቢያካፍል እንኳ ፍቅር ከሌለው ምንም እንደማይጠቅመው ያስተምራል (1ቆሮ 13፥3)። እ.ኤ.አ. በ1582 በሬምስ ከተማ በታተመው የካቶሊክ አዲስ ኪዳንም ሆነ በ1611 በወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም፣ እኛ «ፍቅር» በምንልበት ስፍራ የተጻፈው «ቻሪቲ» ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ይህ ቃል በአብዛኛው ለድሃ መስጠትን ወይም ለዚሁ የቆመን ድርጅት ያመለክታል። እንግዲህ ሀብቱን ሁሉ ለድሃ ሰጥቶ «ቻሪቲ» የሌለው ሰው እንዴት ሊኖር ይችላል? መልሱን ለማግኘት ወደ ቃሉ ምንጭ መመለስ ያስፈልገናል።

ሐዋርያው በግሪክኛ የጻፈው «አጋፔ» ብሎ ነው። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ቃል በአብዛኛው «ካሪታስ» ሲል ተረጐመው። «ካሪታስ» የመጣው «ካሩስ» ከሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ውድ» ማለት ነው። የአማርኛችን «ውድ» ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃም ለተወደደ ሰውም እንደሚነገር፣ የላቲኑም ቃል እንዲሁ ሁለቱን ያጣምራል። ስለዚህ ካሪታስ ማለት ሌላውን ሰው ውድ አድርጎ መቍጠር፣ ዋጋውን ማወቅ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ይህን ትርጉም ይዞ ነበር። እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የተባሉት ሦስቱ መለኮታውያን ምግባራት በእንግሊዝኛ ሲጠሩ፣ ሦስተኛው እስከ ዛሬ «ቻሪቲ» የሚባለው ስለዚህ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በዚህ ቃል ላይ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዊሊያም ቲንዴል እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው አዲስ ኪዳን «ቻሪቲ»ን ትቶ «ላቭ» የሚለውን የተለመደ ቃል መረጠ። ቅዱስ ቶማስ ሞር ደግሞ በ1529 ባወጣው መጽሐፍ ተቃወመው፤ «ላቭ» ለማንኛውም ዓይነት መውደድ ይነገራል፣ «ቻሪቲ» ግን በጎና ሥርዓት ያለው ፍቅር ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ሆኖም ዘመኑ ቃሉን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በ1601 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ለድሆችና ለአረጋውያን የሚደረገውን ርዳታ፣ ከዚያም አልፎ የድልድይና የመንገድ ጥገናን ሳይቀር በዚህ ስም ጠቀለለ። በ1881 የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን በሐዋርያው መልእክት ውስጥ «ላቭ»ን አስገባ፤ በ1966 የወጣው የካቶሊኮች የኢየሩሳሌም መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ አደረገ። ዛሬ እንግሊዛውያን ርኅራኄ የሌለውን ነገር «እንደ ቻሪቲ የቀዘቀዘ» ይሉታል። የእግዚአብሔርን ፍቅር ሲጠራ የነበረ ቃል የቅዝቃዜ ምሳሌ እስከ መሆን መድረሱ ያሳዝናል።

ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላትም የየራሳቸው መልክ አላቸው። «አልምስ» ማለት ምጽዋት ሲሆን የተገኘው ምሕረት ማለት ከሆነው የግሪክኛ ቃል ነው። «ቤኔቮለንስ» በጎ ፈቃድ ነው። «ፊላንትሮፒ» ሰውን መውደድ ማለት ሲሆን ዛሬ በተለይ ለባለጠጎች ልግስና ይነገራል፤ በግሪክኛው ቲቶ 3፥4 ላይ ግን እግዚአብሔር ራሱ ለሰው ያለውን ፍቅር ያመለክታል፤ በግእዝ «መፍቀሬ ሰብእ» የምንለው እርሱን ነው። እነዚህ ሁሉ የአንዱ ፍቅር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ከግንዱ ሲቈረጡ ግን ይደርቃሉ።

በአገራችንም ቃሉ በሕግ ቋንቋ «በጎ አድራጎት» ተብሎ ተተርጕሟል፤ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 የሰፈረው በዚህ ስም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» ብሏል። ሕግ ድርጅትን መመዝገብና ሒሳቡን መመርመር ይገባዋል። ልብን ግን ማንም መዝጋቢ አይመረምርም፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሚጠይቀንም ስለ ልብ ነው።

የምንሰጠው እጅ የተቀባዩን ፊት ያያልን? ከመኪና መስኮት ሳንቲም ወርውረን፣ ስሙን ሳንጠይቅ፣ ዓይኑን ሳናይ ብናልፍ ምጽዋት ሰጥተናል፤ ሰውን ግን ውድ አድርገን አልቈጠርንም። የተቀበለውም ሰው ሆዱ ጠግቦ ልቡ ተዋርዶ ሊሄድ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ኪሳችንን ሳንነካ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ማለፍ ፍቅር አይደለም፤ ቅዱስ ያዕቆብ የተራቈተውንና የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ይገሥጻል (ያዕ 2፥15-16)። ፍቅር የሌለው ስጦታ ባዶ እንደሆነ ሁሉ፣ ስጦታ የሌለው ፍቅርም ባዶ ነው።

የፍቅር ሴት ልጆች የሚባሉትን የደናግል ማኅበር ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር በ1633 የመሠረተው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ድሆችን «ጌቶቻችን» ይላቸው ነበር። የእኛም አባቶችና እናቶች ከዚህ ያላነሰ ጥበብ በቋንቋቸው አኑረውልናል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምነውን ሰው «የኔ ቢጤ» ብለው ሰየሙት፤ ይህም እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ ማለት ነው። ካሪታስ ሊል የፈለገው በዚህ አጭር ስም ውስጥ ይገኛል። ስሙን ግን በልማድ ስለምንጠራው ትርጉሙን ዘንግተነዋል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእንግሊዝኛው ቃል የደረሰበት መቀነስ በእኛም ቃል ላይ እንዳይደርስ እንጠንቀቅ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከደጁ የምናገኘውን ሰው ሰላም እንበለው፣ ስሙን እንጠይቀው፣ ካለንም እናካፍለው። «የኔ ቢጤ» ብለን የጠራነውን ሰው በእውነት ቢጤያችን አድርገን እንቀበለው።

እርሱ ራሱ ፍቅር የሆነው እግዚአብሔር ለዚህ ያብቃን። አሜን።