ይቃጠል የተባለ ደብዳቤ

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት በደመወዝ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የሟቾችን ወረቀት እየለየሁ ዝርዝር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከግርጌው «አንብበሽ አቃጥዪው» የሚል ደብዳቤ እጄ ገባ። አላቃጠለችውም። እኔም እስከ ፊርማው አነበብኩት፤ ለማንበብ አይደል የተከፈለኝ?

ፍራንዝ ካፍካ ጽሑፎቹ ሳይነበቡ እንዲቃጠሉ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ አደራ ትቶ በ1924 እ.ኤ.አ. ሞተ። ብሮድ አላቃጠለም፤ በዓመቱ አንዱን ልብ ወለድ አሳተመ። አንባቢ ሁሉ (እኔም ጭምር) አመሰገነው። ይሁንና ብሮድ፣ እንደማላደርገው ካፍካ በሕይወት ሳለ ነግሬዋለሁ ብሏል። የእኔን ሟች ማን አስጠነቀቀው?

ለማቃጠል ሥልጣን አልነበረኝም። ዝርዝሩ ላይ «የግል ደብዳቤ፣ 1 ቅጠል» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። አለቃዬ፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላነበብኩትም» አልኳቸው።