ልጆቼ፣ የጎደለው ምንድን ነው?



የዛሬውን የጁምዓ ማስታወሻ በጥያቄ እንጀምር። ስልካችሁ ላይ ሳትፈልጉ መልሱ። የዓለማችን ረጅሙ ሐውልት የት ነው የሚገኘው? አንዳንዶቻችሁ ቪዲዮውን አይታችሁት ይሆናል። ሕንድ ውስጥ፣ ጉጅራት ክልል፣ በናርማዳ ወንዝ ዳር የቆመው የሳርዳር ፓቴል ሐውልት ነው። ቁመቱ 182 ሜትር ነው። ከእግሩ ሥር የቆመ ሰው ጉንዳን ያክላል። እሺ፣ ከእሱ በፊት ክብረ ወሰኑን የያዘው የትኛው ነበር? ከዚያ በፊት የነበረውስ?

አብዛኞቻችን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ እንቆማለን። እኔም ፈልጌ እስካገኘው ድረስ አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በጃፓን፣ ኡሺኩ ከተማ ውስጥ፣ መቆሚያውን ጨምሮ 120 ሜትር የሚረዝም የቡድሃ ሐውልት ተጠናቀቀ፤ በጊዜው የዓለም ረጅሙ ተባለ። በ2008 ቻይና በሔናን ግዛት 128 ሜትር የሆነ ሌላ የቡድሃ ሐውልት አቆመች፤ የጃፓኑ ተረሳ። በ2018 ደግሞ ሕንድ በ54 ሜትር በልጣ መጣች፤ የቻይናውም ተራው ደረሰ።

በዚህ ውድድር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ አለካኩ ነው። የቻይናው ሐውልት ራሱ 128 ሜትር ነው። የቆመበት ሕንፃ ሲጨመር 153 ይሆናል። ኮረብታው በደረጃ መልክ ተስተካክሎ እሱም ሲቆጠር 208 ሜትር ይባላል። የሕንዱም ከነመሠረቱ 240 ሜትር ነው። ሕፃናት ቁመት ሲለካኩ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ "በለጥኩህ" ሲል እንስቃለን። አገሮች ሲያደርጉት ግን እናጨበጭባለን።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የተነሳሁት በማንም ላይ ለማሾፍ አይደለም። ከእነዚህ ሐውልቶች መካከል የሌሎች ሰዎች እምነት ያለባቸው አሉ፤ ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሳደብ ደግሞ ቁርኣን አስተምሮናል። ጥያቄዬ የሰው ልጅን ሁሉ፣ እኛንም ጭምር የሚመለከት ነው፦ ትልቅ ነገር ማቆም ሰውን ትልቅ ያደርገዋል?

የፓቴልን ነገር እንየው። ሰውዬው የሕንድ የመጀመሪያው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1947 አገራቸው ነፃ ስትወጣ ከ560 በላይ የሚሆኑ ትናንሽ የንጉሣን ግዛቶች ወደ አንድ አገር እንዲጠቃለሉ ያደረገውን ሥራ መርተዋል። የሞቱት በ1950 ነው። ሐውልቱ የተመረቀው እሳቸው ካለፉ ከ68 ዓመት በኋላ ሲሆን ወደ 30 ቢሊዮን ሩፒ ፈጅቷል። አሠሪዎቹ ቱሪስት ያመጣል፣ ሥራ ይፈጥራል ይላሉ፤ ጎብኚም በእርግጥ በብዛት ይሄዳል። በአካባቢው ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች መካከል ደግሞ መሬታችንን አጣን ብለው የተቃወሙ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት። ፓቴል ለአገራቸው የሠሩትን ሠርተው የጨረሱት አንድም ድንጋይ ሳይቆምላቸው ነው። 182 ሜትሩ የጨመረው ክብር ካለ፣ ለሟቹ ነው ወይስ ላሠሩት?

"ቢሆንም ሐውልት ስምን ከመረሳት ያድናል" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። የግብፁን ፈርዖን ኩፉን ተመልከቱ። ያሠራው ትልቁ ፒራሚድ መጀመሪያ 146 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከ3,800 ዓመት በላይ ሰው ከሠራው ነገር ሁሉ ረጅሙ ሆኖ ቆይቷል። ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ነገር ግን የኩፉ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ምስል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ፣ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። የዚያ ሁሉ ድንጋይ ባለቤት በጣት ልክ ቀረ። ሰውየው ደግ ነበር? ፍትሐዊ ነበር? ማንን አበላ፣ ማንን አስጠለለ? እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረን የለም። ስሙ ቀርቷል፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚባል ነገር ግን እምብዛም የለም።

ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። አክሱም ውስጥ ተሰባብሮ የተጋደመ አንድ ሐውልት አለ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 520 ቶን ይገመታል፤ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ነው። የሰው ልጅ ሊያቆማቸው ከሞከራቸው ወጥ ድንጋዮች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እዚያው ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። የጠራቢዎቹን ጥበብ ያየ ሰው በአያቶቹ መኩራቱ አይቀርም፤ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን የማን መቃብር ምልክት እንደነበረ የሚናገር ጽሑፍ አልተቀረጸበትም። ያ ሁሉ ጉልበት ለማን እንደፈሰሰ በእርግጠኝነት መናገር አንችልም።

ከዚያ ሐውልት ዘመን ከጥቂት ምዕተ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ በዚያው በአክሱም መንግሥት ሥር ወዳለችው ሐበሻ ስደተኞች መጡ። ከመካ ሸሽተው ባሕር የተሻገሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹ ይመለሱልን አሉ። ነጃሺ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹንም አስጠራቸው፣ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን አዳመጠ፣ ስጦታውን መለሰ፣ እንግዶቹንም አሳልፎ አልሰጠም። ሲሞት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሰሓቦቻቸው ነገሯቸውና በሌለበት ሶላተል ጀናዛ ሰገዱለት።

ሱብሓነላህ! ነጃሺ የሚታወቅበት አንድም ሐውልት የለም። ሆኖም ከኢንዶኔዥያ እስከ ሞሮኮ ሲራ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። 520 ቶን ድንጋይ ያልቻለውን አንድ የፍትሕ ውሳኔ ቻለው። ድንጋዩ ሊሸከመው የነበረውን ስም ጣለው፤ የተጠለሉት ሰዎች ግን ያስጠለላቸውን ስም ተሸክመው ዓለምን ዞሩ።

ዲናችን በሐውልት ጉዳይ ላይ ጥብቅ የሆነበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት የኑሕ ሕዝቦች ያመልኳቸው የነበሩት እነ ወድ፣ እነ ሱዋዕ መጀመሪያ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሲሞቱ ለማስታወሻ ተብሎ ምስላቸው ቆመ፤ ያቆሙት ሰዎች ሲያልፉና ዕውቀቱ ሲጠፋ ማስታወሻው ተመላኪ ሆነ። ስለ ዓድ ሕዝቦች ደግሞ ቁርኣን ሲነግረን፣ በየከፍታው ላይ ለከንቱ ጨዋታ ምልክት ይገነቡ እንደነበር፣ ለዘላለም የሚኖሩ ይመስል ግንብ ያበጁ እንደነበር፣ ደካማውን ሲይዙም በጭካኔ ይይዙ እንደነበር ይገልጻል። ልብ በሉ፤ ነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ) የወቀሷቸው ሜትር ቆጥረው አይደለም። ከንቱ ፉክክሩን፣ አንሞትም ባይነቱንና ግፉን ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብጨርሰው ደስ ይለን ነበር። "እነሱ እንዲህ ናቸው" ብለን በሰላም እንለያይ ነበር። ግን ትንሽ እንቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1993፣ ጃፓን ሐውልቷን ባጠናቀቀችበት በዚያው ዓመት፣ በሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ከተማ 210 ሜትር ሚናራ ያለው መስጂድ ተመረቀ። የዓለም ረጅሙ ሚናራ ነበር። ዛሬ አይደለም፤ በጎረቤት አገር፣ በአልጀርስ፣ 265 ሜትር የሆነ ሚናራ ተሠርቷል። የሠሩትን ሰዎች ኒያ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ በእነሱ ላይ ፈራጅ ለመሆን አቅሙም መብቱም የለኝም። ስለ አንድ ትንሽ ሚናራ ግን መናገር እችላለሁ፤ ኒያው ውስጥ እኔም ነበርኩበትና።

ከዓመታት በፊት በሰፈራችን መስጂድ የወጣቶች ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ከእኛ በላይ ያለው ሰፈር አዲስ ሚናራ ሠራ። እኛም ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። በስብሰባው ላይ ደጋግመን የምናነሳው ቁጥር የእነሱ ሚናራ ስንት ሜትር እንደሆነ ነበር። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ንድፉን ዘርግተን ስናወራ፣ አባባ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

"ስንት ነው ርዝመቱ?" አሉን።

"ኢንሻአላህ ከእነዚያ በ2 ሜትር እንበልጣለን፣ አባባ።"

"አዛኑ የማይደርስበት ቤት አለ እንዴ?"

"የለም። በድምፅ ማጉያ ሁሉም ጋ ይደርሳል።"

"ታዲያ ልጆቼ፣ የጎደለው ምንድን ነው?"

ዝም አልን። እሳቸውም አልጨመሩም። ተነስተው ሲሄዱ ግን በሴቶቹ በር በኩል አለፉ፤ ዓይናችንም ተከተላቸው። የሴቶቹ ውዱእ ማድረጊያ ቧንቧ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር። እናቶቻችን ከቤታቸው በጀሪካን ውሃ ይዘው ነበር የሚመጡት። ሁላችንም እናውቅ ነበር። በኮሚቴው አጀንዳ ላይ ግን ተነስቶ አያውቅም፤ ቧንቧ ከሩቅ አይታይማ!

ሚናራው ተሠራ። በ2 ሜትር በለጥን። ፎቶውን ለጥፈን ማሻአላህ ተባልን። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መስጂድ ከሁለታችንም የሚበልጥ ሠራ። ቧንቧው የተጠገነው ከምርቃቱ በኋላ ነው፤ ወጪው ለምርቃቱ ቀን ለድንኳን ከከፈልነው ያነሰ ነበር። እስከ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ኩራቱ አሁንም አለ። ከዚያ ጀሪካኗ ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ ትልቅ ነገር አይሠራ አልልም። ሰጋጁ ሞልቶ ፀሐይና ዝናብ ላይ የሚሰግድ ከሆነ መስጂዱ መስፋት አለበት፤ ሆስፒታሉም፣ ግድቡም፣ ትምህርት ቤቱም ሕዝብ የሚያስፈልገውን ያህል ይተልቅ። ሰሓባዎች ግብፅ ሲገቡ ፒራሚዶቹን አላፈረሱም፤ እኛም የአያቶቻችንን ጥበብ አናፍርስ፣ አናንቋሽሽ። የትልቅ ሥራ መመዘኛ ግን የአባባ ጥያቄ ይሁን። የጎደለ ነገር ኖሮ የሚሞላ ሥራ፣ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ በልኩ ነው። የጎደለ ነገር ሳይኖር ሌላውን ለመብለጥ ብቻ የሚቆም ነገር ግን፣ 2 ሜትርም ትሁን 182፣ በዝታለች።

ይህ ደግሞ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከእገሌ ሰርግ ለመብለጥ በብድር የሚደገስ ሰርግ አለ። በየቀኑ የምንቆጥረው የተከታይና የላይክ ቁጥር አለ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁም እኔ ስንት ሰው እንዳየው ሳልመለከት አላድርም። ለሶደቃ የዘረጋነውን እጅ ፎቶ የምናነሳበት ጊዜ አለ። እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ትንሽ ሐውልት አለ፤ ኮረብታውንም ጨምረን ነው የምንለካው።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን የምትቀሩበት ቀን። ስትቀሩ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት ታሪክ ላይ ቆም በሉ። ሰውየው መጀመሪያ ከጓደኛው በሀብትና በሰው ብዛት እንደሚበልጥ ተናገረ፤ ቀጥሎ አትክልቱ መቼም የሚጠፋ እንደማይመስለው ተናገረ። ሁለቱ ንግግሮች ተከታትለው ነው የመጡት። "እበልጣለሁ" ያለ ልብ "አልጠፋም" ለማለት ብዙ አይቆይም። ሲነጋ የቀረው መዳፉን ማገላበጥ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንያዝ። ከሶላት ስንመለስ ቤታችንን፣ ጎረቤታችንን፣ መስጂዳችንን እንቃኝና አባባ የጠየቁንን እንጠይቅ፦ እዚህ የጎደለው ምንድን ነው? ምናልባት የቧንቧ ቁልፍ ይሆናል። ምናልባት ለመድረሳ ልጅ ደብተር ይሆናል። ምናልባትም እናታችን ጋ መደወል ብቻ ይሆናል። ማንም አይለካውም፤ ክብረ ወሰንም አይሰበርበትም። የሚመዝነው ግን የብናኝ ታህል መልካም ሥራ የማይሰወረው ጌታ ነው።

አላህ ሥራችንን ከሪያእ ያጥራልን። ስማችን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ከሚጻፍ ይልቅ በአንድ የተቸገረ ሰው ዱዓ ውስጥ የሚነሳ ያድርግልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ።