ጠቋሚ ዋጋ ይገባዋልን?

ሰው የሚያገኘው ገንዘብ በብዛቱ ሳይሆን በመጣበት መንገድ ይመረመራል። በዘመናችን ኢንተርኔት ብዙ የገቢ በር ስለ ከፈተ፥ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች «ይህስ የተፈቀደ ነውን?» እያሉ መምህራንን ይጠይቃሉ። ከሚጠየቁትም አንዱ አፊሊየት ማርኬቲንግ የተባለው ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ለጠቋሚው ልዩ ምልክት ያለበት ሊንክ ይሰጠዋል፤ ጠቋሚውም ስለ ዕቃው ጽፎ ወይም ተናግሮ ሊንኩን ለሰዎች ያሳያል። በዚያ በኩል ገብቶ የገዛ ሰው ቢኖር፥ ነጋዴው ከሽያጩ ጥቂት ከመቶ ይከፍለዋል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ አሠራር መሥራት የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ዕቃውን ያልሠራ፥ በመጋዘንም ያላኖረ ሰው ስለ ምን ይከፈለዋል? የሚል ይኖራል። ነገር ግን መንገድ ማሳየትም ሥራ ነው። በገበያችን ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በእውነት አገናኝቶ የድካሙን ዋጋ ቢቀበል ሌባ አይባልም። ስለዚህ ክፍያው በራሱ ነውር የለበትም።

ነውሩ የሚገባው በሌላ በር ነው። የገበያ ደላላ ደላላነቱ ይታወቃል፤ ገዢውም ቃሉን በዚያው መጠን ይመዝነዋል። የኢንተርኔት ጠቋሚ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው እንደ ወዳጅ ነው። «ይህን ገዝቼ ጠቀመኝ» ሲል፥ የሰማው ሰው ምክር የተቀበለ ይመስለዋል እንጂ ማስታወቂያ የሰማ አይመስለውም። እንግዲህ የተሸጠው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የሰው እምነትም አብሮ ተሽጧል።

ስለዚህ ጠቋሚው ሦስት ነገር ይጠብቅ። መጀመሪያ፥ ተከፋይ መሆኑን በግልጽ ይናገር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ፥ ለጥቆማው ጥቅም የሚቀበል የብሎግ ጸሐፊ ከነጋዴው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲገልጥ አሳስቧል። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ሁለተኛ፥ ያልሞከረውን ሞከርሁት አይበል። ሦስተኛ፥ ያልደከመበትን አይቀበል። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ፥ ሊንኩን ባልነኩ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ የጠቋሚነት ምልክታቸውን በስውር እያስቀመጡ ዋጋ የተቀበሉ ሁለት ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራት ተቀጥተዋል። ማንንም ሳያገናኙ የአገናኝ ዋጋ ወስደዋልና።

ምናልባት አንዱ «ዝም ማለት ሐሰት አይደለም፤ ተከፋይነቴን ብናገር ማን ይገዛል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ቢያውቅ የማይገዛ ሰው ሳያውቅ ከገዛ፥ ገንዘቡን ያስወጣው የዕቃው ደግነት ሳይሆን የእርሱ አለማወቅ ነው። ሊናገር የሚገባው ሰው ዝም ሲል፥ ዝምታው ራሱ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ተከፋይ ነኝ ማለት ብቻውን አያነጻም። ዋጋቸው እኩል 1,000 ብር የሆኑ ሁለት ዕቃዎች ቢኖሩ፥ የተሻለው ከመቶ 3፥ ያነሰው ከመቶ 10 የሚከፍል ይሁን። ጠቋሚው ያነሰውን «ይበልጣል» ብሎ ቢያሳይ 70 ብር ያተርፋል። ያ 70 ብር የዕቃው ዋጋ አይደለም፤ የድካሙም ዋጋ አይደለም፤ የምላሱ ዋጋ ነው። የዚህ ሥራ እውነተኛ መፈተኛ ይህ ነው፤ ማንም ሰው አይመለከተውምና ዳኛው ኅሊና ብቻ ነው።

ደግሞም በስም የሚመሳሰለውን መለየት ያስፈልጋል። ገቢው ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን አዲስ ገቢዎች ከሚከፍሉት መመዝገቢያ የሚገኝ እንደ ሆነ፥ ይህ ጥቆማ አይደለም፤ የኋለኛው ለፊተኛው የሚከፍልበት ማታለያ ነው። በዚህ ወጥመድ ቀድመው የሚያዙት ደግሞ የጠሪው ወንድሞች፥ እኅቶችና ጎረቤቶች ናቸው።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ሥራው አዲስ ስለ ሆነ ብቻ አትንቀፉት፤ እንጀራውን በንጹሕ እጅ የሚፈልግ ልጅ በችኮላ ፍርድ እንዳይሰናከል። እናንተም ወጣቶች፥ ከመጠቆማችሁ በፊት «ይህን ዕቃ ያለ ክፍያ ለእናቴ እመክር ነበርን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ እውነተኛ አዎን ከሆነ ዋጋችሁን ያለ ኀፍረት ተቀበሉ፤ ካልሆነ ግን ገንዘቡ ለሚያምናችሁ ሰው ይቅርለት።